የጉዞ መመሪያ መጽሐፍ ስትገዙ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ

ካምፕ ልትወጡ፣ ዓሣ ልታጠምዱ ወይስ ጀልባ ልትቀዝፉ አስባችኋል? መመሪያ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት እኛ የምናያቸውን ነገሮች እናካፍላችሁ።

📌 ስንተኛ እትም ነው?

ሽፋኑ አዲስ ስለሆነ አትሸወዱ። ዓመቱ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ተጽፏል። ለምሳሌ ፊሊፕ ብሪግስ ያዘጋጀው የብራድት የኢትዮጵያ መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ በ1995 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታድሷል። በርካሽ ያገኛችሁት የድሮው ሊሆን ይችላል።

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" ካላችሁ ኦሞን ተመልከቱ። የቆዩ መጻሕፍት በጎማ ጀልባ ቁልቁል ስለሚወረድበት የወንዙ ሸለቆ ይተርካሉ። በ2009 ዓ.ም ጊቤ 3 ግድብ ከተመረቀ በኋላ ግን የሸለቆው ትልቅ ክፍል 150 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሐይቅ ሆኗል። በድሮው ካርታ የሄደ ሰው ወንዝ ሲፈልግ ሐይቅ ያገኛል።

📌 ለእናንተ ጉዞ የሚሆን ነው?

👉 ለካምፕ፦ ከካምፕ ካምፕ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚወስድ፣ ከፍታውንና ውሃ የት እንደሚገኝ ይናገር። የሰሜን ተራሮቹ ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ ሁሉም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ስለ ሌሊቱ ብርድ ዝም ያለ መጽሐፍ አያዋጣም።

👉 ለቀዘፋ፦ ፈጣን ውሃ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፤ 6 ለሕይወት አስጊ ነው። ደረጃውን፣ የሚኬድበትን ወርና ከውሃው የሚወጣበትን ቦታ ፈልጉ።

👉 ለዓሣ፦ ጣና ላይ ቆሮሶና አምባዛ አለ ብሎ ስለ ቢልሃርዚያ ካልነገራችሁ፣ ስለ ጫሞ ዓሣ አውርቶ አዞውን ከዘለለ፣ ሌላ መጽሐፍ እዩ።

📌 መጽሐፍ የማይነግራችሁ

የመንገዱን ሰላም። የትኛውም መጽሐፍ ከመታተሙ ወራት በፊት የተጻፈ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ሰሜን ተራሮች ላይ ስካውት ይዞ መሄድም ግዴታ ነው።

በመጨረሻ፣ የሚያስፈልጓችሁን ገጾች በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱ። መጽሐፉን ግን ቤት አትተዉት፤ ተራራ ላይ ቻርጅ ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅም።

አብሯችሁ ለሚጓዝ ጓደኛ አጋሩት። መልካም ጉዞ!