ከብርዝ እስከ ለስላሳ፦ ጣፋጭ መጠጥ ወደ ሕፃናት ማቆያ የገባበት መንገድ

ለሕፃን ጣፋጭ መጠጥ ማቅረብ በአገራችን ትናንት የተጀመረ ልማድ አይደለም። ጠጅ በሚጣልበት ቤት ያልፈላው ብርዝ ለልጆችና ጠጅ ለማይቀምሱ ሰዎች ይቀዳ ነበር። ይሁን እንጂ ማር ውድ በመሆኑ ብርዝ የድግስና የበዓል እንጂ የዕለት ተዕለት መጠጥ አልነበረም። ጣፋጩን የሚገድበው የሐኪም ምክር ሳይሆን ዋጋው ነበር።

ይህ ገደብ የላላው ስኳር በአገር ውስጥ መመረት ከጀመረ ወዲህ ነው። ቀደም ሲል በጃቫ የአገዳ እርሻ ልምድ ያካበተው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎችም ተከተሉት። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ መታሸግ ጀመረ። ፔፕሲም በከተማዋ ደቡብ፣ ስሙን ከሽቦ አልባው የመገናኛ ጣቢያ በወረሰው በንፋስ ስልክ ሰፈር ፋብሪካ ተተከለለት። ለንፋስ ስልክ ልጆች ለስላሳ ከሩቅ የሚመጣ ብርቅ ሳይሆን የሰፈራቸው ምርት ሆነ።

ለስላሳ በየቤቱ የገባው በክብር ነው። ለእንግዳ ይከፈታል፤ በሰርግና በልደት ይታደላል፤ ሕመምተኛ ሲጠየቅም ይያዛል። ለሕፃን መስጠት የፍቅር ምልክት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛም ሙያ ድርሻ አለበት። ለተቅማጥ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እንዲበጠበጥ ለእናቶች ስናስተምር ቆይተናል። ትምህርቱ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ከመልእክቱ ልኩ ተረስቶ «ስኳር ውኃ ያበረታል» የሚለው ብቻ በአንዳንድ ቤት ሳይቀር አልቀረም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚመከረው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ሲይዝ፣ የተለመደው የኮላ ለስላሳ ግን በሊትር ከ100 ግራም በላይ ስኳር አለው። ይህ ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል።

በሌላ በኩል የሕፃናት አዋዋል ተለወጠ። ቀድሞ ልጅ የሚውለው ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ጋር ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በቀበሌዎችና በማኅበራት አማካይነት መዋዕለ ሕፃናት ተስፋፉ። ቆይቶም እንደ ጀሞ ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ ቤተሰብ ከነባር ጎረቤቱ ተለያየ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የፈቀደው ዕረፍት 90 የሥራ ቀናት ነው። እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና ጡት ብቻ መጥባት ባለበት ዕድሜ ላይ ነው።

ጣፋጩም ሕፃኑን ተከትሎ ወደ ማቆያው ገባ፦ በልደት ቀን ለስላሳ፣ በምሳ ዕቃ ቦርሳ የታሸገ ጭማቂ፣ ለሚያለቅስ ሕፃን በጡጦ ስኳር የበዛበት ሻይ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የታሸገው መጠጥ ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ሞግዚቷ የምትመርጠው ከአላዋቂነት ሳይሆን ከምታየው ችግር ተነሥታ ነው።

ጉዳቱ በጥርስ መበስበስና በውፍረት ብቻ አይወሰንም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ መቀንጨራቸውን፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ደግሞ ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ የሚያገኙት 7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በትንሽ ሆድ ውስጥ ጣፋጭ መጠጥ የእንቁላልን፣ የጥራጥሬንና የወተትን ቦታ ይወስዳል፤ ሻይም የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ነፃ ስኳር፣ የማርና የጭማቂው ጭምር፣ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን አሳስቧል። ይህም በቀን 1,200 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው የሦስት ዓመት ልጅ 30 ግራም ነው፤ አንዲት 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻዋን ታልፈዋለች። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ጣፋጭ መጠጥ ፈጽሞ እንዳይሰጥ መክሯል።

በፍቅርና በክብር የገባ ልማድ በወቀሳ አይወጣም። ማርን የገደበው ዋጋው ነበር፤ ዛሬ ያንን ቦታ መያዝ የሚችለው ዕውቀት ነው። ስለዚህ በክትባት ቀን ልጁ ምን እንደሚበላ ብቻ ሳይሆን በማቆያው ምን እንደሚጠጣም እንጠይቅ። የታለበ የእናት ጡት እንዴት እንደሚቀመጥ እናሳይ። ማቆያ ስንጎበኝም ለስላሳውን ከመከልከላችን በፊት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በክዳን ዕቃ መኖሩን እንመልከት። ንጹሕ ውኃ በሌለበት የሚሰጥ ምክር ከደጅ አያልፍም።