ግድግዳ ላይ የነበረው ጠመንጃ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ከአገር ቤት የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግማል። "አይዞህ፣ ተዘጋጅተን ነው የምንተኛው" ይሉኛል። መዘጋጀት ሲሉ ክላሹ ጥይት ጎርሶ ትራስ ሥር ገብቷል ማለታቸው ነው። እዚያው ትራስ አጠገብ ደግሞ ልጆች ይተኛሉ። እኛ ካምፕ ውስጥ ያለነው መሣሪያ የለንም፣ ክልክልም ነው። ወንድሞቻችንና አባቶቻችን ግን አላቸው። አትያዙ ብዬ አልሰብክም፤ ያሉበትን አውቃለሁ፤ በሌሊት ማን በር እንደሚያንኳኳ አይታወቅም። እንደ ታሪክ አስተማሪ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። አያቶቻችንም ሽፍታ ነበረባቸው፣ ደመኛ ነበረባቸው፣ ጠመንጃም ነበራቸው። እንዲህ ነበር ወይ የሚያስቀምጡት?

እስቲ ከቋንቋው እንጀምር። አማርኛችን ጠመንጃ ያለበትን ሁኔታ ለይቶ ይጠራል። "ጥይት አለው" አንድ ነገር ነው፣ "ጎርሷል" ሌላ ነው፣ "አቀባበለ" ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። በልጅነታችን "እገሌ አቀባበለ" ከተባለ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነበር፤ ወይ ሽማግሌ መሀል ይገባል፣ ወይ ሰው ይወድቃል። "አቀባብሎ ተኛ" የሚል ወሬ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ የጠብ ቃል እንጂ የእንቅልፍ ቃል አልነበረም።

የጠመንጃዎቹ ስምም ታሪክ አለው። ሰናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ፣ ለበን ደግሞ ለቤል፣ ምንሽር ማንሊኸር ነው። አብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በግመል ተጭኖ የገባ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እንኳ ግጥሙን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለምኒልክ አምጥቶ ሸጧል (በሒሳቡ ግን አልተደሰተም ይባላል)። ከአድዋ ድል፣ ማለትም ከየካቲት 1888 ዓ.ም. በኋላ ጠመንጃ የዘማች ብቻ መሆኑ ቀረና የቤት ዕቃ ሆነ።

አሁን ውጅግራን እንመልከት። አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። ካዝና የለውም። ተኩሰህ ቀለሁን ታወጣለህ፣ ከዝናርህ ሌላ ትመዛለህ፣ በእጅህ ታጎርሳለህ። ስለዚህ እቤት ሲገባ ባዶውን ይሰቀላል፣ ጥይቱ ዝናር ውስጥ ይቀራል። ለበንም ቢሆን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል፤ ቱቦውን ሞልቶ የመተኮሻውን ጉሮሮ ባዶ መተው ይቻላል። በነገራችን ላይ ለበን ቃታውን የሚቆልፍ ነገር ጨርሶ የለውም። እና ባለቤቱ ጉሮሮውን ባዶ ከማድረግ ሌላ መተማመኛ አልነበረውም።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጥይት ገንዘብ ነበር። እንደ አሞሌ ጨውና እንደ ማርትሬዛ ብር ሁሉ ጥይትም በገበያ ላይ ይመነዘር ነበር። ታዲያ ገንዘብ የት ይቀመጣል? በእኛ ቤት የአያቴ ጠመንጃ ከምሰሶው አጠገብ በቀንድ ላይ ተሰቅሎ ለገባ ለወጣው ሁሉ ይታያል፤ ዝናሩ ግን በአያቴ በእማሆይ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም አንገታቸው ላይ። ጠመንጃው የባል፣ ጥይቱ የሚስት። ሁለቱ ካልተስማሙ አይተኮስም ማለት ነው። ሰክሮ የመጣ ሰው ቁልፍ የሚጠይቀው እማሆይን ነው፤ እሳቸው ደግሞ መልስ አያጡም።

"ታዲያ ሌባ ቢመጣስ?" ትሉኝ ይሆናል። ዝግጅቱ ጥይቱ ጉሮሮ ውስጥ መግባቱ አልነበረም። መጀመሪያ ውሻ ነበር። ከዚያ የእሾህ አጥር። ከዚያ የተወረወረ በር። ከዚያ ኡኡታ፣ ኡኡታውን የሚሰማ ጎረቤት። ይህ ሁሉ ተደርድሮ ለአባወራው ሣጥን ከፍቶ የሚያጎርስበት ጊዜ ይገዛለት ነበር።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው ጠመንጃው ከግድግዳ ሲወርድ ነው። ያወረደውም ፍተሻ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ መሣሪያ አስረክቡ አለ፤ ያላስረከበ በጭድ ሥር፣ በጎተራ፣ በጉድጓድ ቀበረ። ንጉሡ ሲመለሱ አንዳንዱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት አስፈተሸ፤ መሣሪያ የተገኘበት ሰው ምን እንደደረሰበት ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚታይ ጠመንጃ ባዶ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። የተደበቀውን ግን ደባቂው ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱ ሲሞት ወይም ሲታሰር፣ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም የሚለውን ልጅ ነው በጣቱ የሚያጣራው።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ አይደለም። እዚህ ኬንያ የማው ማውን ታሪክ ሳስተምር ተመሳሳይ ነገር አገኛለሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ነጭ ሰፋሪዎች እራት የሚበሉት ሽጉጥ ከሳህናቸው አጠገብ አስቀምጠው ነበር። ብዙዎቹ ሾትገንም ነበራቸው፤ ያ ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ እርሳስ የሚበትነው የአደን ጠመንጃ። ይህ መሣሪያ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። እንደ በር ማጠፊያ መሀሉ ላይ ይሰበራል፤ ተሰብሮ ክንድ ላይ ከተጋደመ ባዶ መሆኑን ማዶ ያለ ሰው ጭምር ያያል። ሁለት ጥይት ከኪስ አውጥቶ ከቶ ለመዝጋት ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ዝግጁም ነው፣ ባዶም ነው። ችግሩ በግዴለሽነት የተተወው ነበር፤ ማው ማዎች መሣሪያ ከሚያገኙባቸው መንገዶች አንዱ ከነዚሁ ቤቶች መስረቅ ነበርና። ያ ያልደረሳቸው ከውኃ ቧንቧ፣ ከበር መቀርቀሪያና ከጎማ ቁራጭ ጠመንጃ ሠሩ፤ አንዳንዴም ተኳሹን ራሱን ያቆስል ነበር። ለኪኩዩው ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ የሞት ቅጣት አስከትሎበታል። ዴዳን ኪማቲን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1957 ያሰቀለው ክስ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ነው። ከነጩ ሳህን አጠገብ "ጥንቃቄ" የተባለው ከጥቁሩ ኪስ ሲገኝ ገመድ ሆነ። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሁሌ ይጮኻሉ፤ እኔም አልከለክላቸውም።

ወደ እኛ ልመለስ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ክላሽ ገጠር ገባ። ክላሽ የጠባቂ ወታደር መሣሪያ ነው፤ የተሠራው ምሽግ ውስጥ ላለ፣ ተራው ሲያበቃ ለሚያስረክብ ሰው ነው። እኛ እንደ ውጅግራ እቤት አስገባነው፣ ግን የውጅግራን ሥርዓት አላስከተልንም። በፍተሻ ፍርሃት ግድግዳው ላይ አልተሰቀለም፤ በሌባ ፍርሃት ባዶውን አልተቀመጠም። በሰፈራችን አንድ የ14 ዓመት ልጅ የሞተው በዚህ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እናቱ ይህን ታነብ ይሆናል። ታላቅ ወንድሙ ካዝናውን አውጥቶ "ባዶ ነው" ብሎ ነበር። ካዝናው ሲወጣ ጉሮሮ ውስጥ የገባችው አንዷ ጥይት አብራ አትወጣም። ያቺን አንዷን ማንም አልቆጠራትም።

ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፤ እኔ ለወንድሜ ያልኩት ነው። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ከቃታው ይራቅ። ከሁሉ በፊት ካዝናው ይውጣ። ከዚያ በቀኝ ጎኑ ያለችው ረጅም ብረት ወደ ታች ትውረድ፤ ላይ ሆና ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። የምትወርደውን ጊዜ ፍሩት፣ መቆለፊያዋ የተከፈተው ያኔ ነውና። ማቀባበያው ተስቦ ጉሮሮው በዓይን ይታይ፣ ጨለማ ከሆነ በጣት ይዳሰስ። ከዚያ ብረቷ ወደ ላይ ትመለስ። ካዝናው ለብቻው፣ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ደግሞ ከቤቱ ሁሉ ረጋ ያለ ሰው ጋ። ፈቃድ የሌለው ካለም ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ያስመዝግብ፤ አስፈሪ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን የተመዘገበ ጠመንጃ ጭድ ሥር መግባት የለበትም። ውሻውንም አታባሩት።

ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀብኝ። "አንተ ካምፕ ተቀምጠህ ስለ ክላሽ ታስተምረኛለህ?" አለኝ። ቀጥሎ ግን ሚስቱን ጠርቶ ሣጥኑ ቁልፍ እንዳለው ሲጠይቃት በስልኩ ሰማሁ። እሷም መልስ አላጣችም። "የእማሆይ ሣጥን ቁልፍ አጥቶ ያውቃል?" አለችው።

በእናንተ ቤት ዝናሩ የት ነበር የሚቀመጠው? እናት አባቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ጠይቁልኝና ንገሩኝ፤ ለክፍሌ ልጆች አነብላቸዋለሁ።