ቁመና፣ ጾታና ቅጥር፦ ከአሜሪካ አየር መንገዶች ታሪክ



«መልካም ቁመና ያላት» የሚለውን የሥራ ማስታወቂያ ሐረግ ሁላችንም አንብበነዋል። ቃላቱ ሦስት ብቻ ናቸው፤ የያዙት መስፈርት ግን ሁለት ነው። ቁመናው በግልጽ ተጠይቋል፤ ጾታው በመጨረሻው ቃል ቅጥያ ውስጥ ተሸሽጎ ገብቷል። ሁለቱ ተጣብቀው ሲኖሩ፣ በኋላም በፍርድ ቤት እንዲለያዩ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን ከሚያሳዩ መዛግብት መካከል የአሜሪካ አየር መንገዶች ታሪክ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል ብዬ ስለማምን፣ ዛሬ የማወሳው እሱን ነው። ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ኤለን ቸርች ነርስ ነበረች፤ አውሮፕላን ማብረርም ተምራለች። ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት በአብራሪነት አልቀጠራትም፤ በ1930 ግን ተሳፋሪዎችን እንድትንከባከብ ተቀበላት። የመጀመሪያዎቹ ስምንት አስተናጋጆች ሁሉም ነርሶች፣ ሁሉም ያላገቡ ነበሩ። ክብደታቸው ከ115 ፓውንድ፣ ማለትም ከ52 ኪሎ ግራም ገደማ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አውሮፕላኑ ትንሽ ስለነበረ ለክብደቱ ወሰን ምክንያት አይታጣለትም። ሆኖም አውሮፕላኑ እያደገ ሲሄድ ሚዛኑ ከሥራው አልተነሣም፤ ምክንያቱ ብቻ ተለወጠ። የነርስነቱ ግዴታ ከጊዜ በኋላ ሲተው የመልክ፣ የዕድሜና የጋብቻ ደንቦች ጸኑ። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1953 ባወጣው ደንብ አዲስ የተቀጠረች አስተናጋጅ 32 ዓመት ሲሞላት ከበረራ ሥራ እንድትነሣ ወሰነ።

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በጾታ ምክንያት በቅጥር ማዳላትን ከለከለ። ጾታ ለሥራው የግድ አስፈላጊ ከሆነ ግን ለአሠሪው የማምለጫ በር ተወለት። ያ በር የተፈተነው፣ ብዙዎቻችሁ እንደማትጠብቁት እገምታለሁ፣ በአንድ ወንድ ክስ ነው። ሴሊዮ ዲያዝ በ1967 በፓን አም አስተናጋጅነት ለመቀጠር አመለከተ፤ ወንድ በመሆኑ ተከለከለ። ኩባንያው ተሳፋሪዎች ሴቶችን እንደሚመርጡ የሚያሳይ ጥናት አቀረበ፤ ሴት በአየር ላይ የተጨነቀን ሰው በማረጋጋት እንደምትሻል የሚያስረዳ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ኤሪክ በርንን፣ በምስክርነት አቆመ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይህን ተቀበለ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1971 ውሳኔውን ሻረ፦ የአየር መንገድ ዋና ሥራ መንገደኛን በደኅና ማድረስ ነው፤ የደንበኛ ምርጫም ሕጉ ሊያሸንፈው የተነሣው ልማድ ራሱ ነው አለ።

እኔን እንደ ታሪክ ሰው የሚገርመኝ ከፍርዱ ይልቅ የኩባንያው ክርክር ነው። ፓን አም እስከ 1944 ድረስ የሚያስተናግዱ ወንዶችን ብቻ ይቀጥር ነበር። ዲያዝ ሲያመለክት ከዚያ ወዲህ ያለፈው 23 ዓመት ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ ራሱ ያስለመደውን ነገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የተሳፋሪው ተፈጥሯዊ ፍላጎት አድርጎ ለዳኛ ማቅረብ ቻለ ማለት ነው።

ሳውዝዌስት በ1981 በቴክሳስ ፍርድ በተሰጠበት ክስ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነበር። የምንሸጠው «ፍቅር» ነው፤ ለዚህም ማራኪ ሴቶች ያስፈልጉናል ሲል ተከራከረ፤ ተረታ።

እንግዲህ ጾታው ወደቀ። ቁመናውስ? በ1964ቱ ሕግ ከተዘረዘሩት የተከለከሉ ምክንያቶች መካከል መልክ የለም። ዩናይትድ ኤርላይንስ ከ1980 እስከ 1994 አስተናጋጆቹን በክብደት ሰንጠረዥ ሲመዝን ለወንዶቹ የትልቅ አጥንት፣ ለሴቶቹ የመካከለኛ አጥንት ወሰን ተጠቀመ። ፍርድ ቤት በ2000 ይህን አድልዎ ነው ሲል ስሕተቱን ያገኘው ሁለቱ መለኪያዎች በመለያየታቸው እንጂ ሠራተኛ በመመዘኑ አልነበረም።