ቁጥርን በቃል መግለጥ፤ የአንድ የእንግሊዝኛ ፈተና ታሪክ ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

በእንግሊዝኛ የጽሕፈት ፈተና ላይ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ቀርቦ «የምታየውን በቃላት ግለጥ» መባሉ፣ በውጭ አገር ለመማር ለሚያስብ ተማሪ ሁሉ የታወቀ ነገር ነው። አይኤልትስ በተባለው ፈተና የአካዳሚክ ክፍል ተፈታኙ 20 ደቂቃ ያህል ወስዶ ቢያንስ 150 ቃላት ይጽፋል። ዋና ዋናውን መርጦ ማውጣትና ማነጻጸር ይጠበቅበታል፤ ከወረቀቱ ውጭ የሚያውቀውን መጨመር ግን አይፈቀድለትም። በቋንቋ መምህርነት የተሰማራን የማኅበሩ አባላት ይህን ሕግ ዘወትር ስናስተምር፣ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚያስቀር ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ግራፍ ራሱ ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1786 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የንግድ አትላስ የእንግሊዝን ገቢና ወጪ ንግድ በመስመር ሥሎ አሳየ። ስለ ትውልድ አገሩ ስለ ስኮትላንድ ግን በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ መስመር ሊያሰምርለት አልቻለም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን በተጋደሙ ዘንጎች ገለጣቸው። ተማሪዎቻችን ዛሬ የሚያጠኑት ባለ ዘንግ ግራፍ ከመረጃ እጦት የተወለደ መሆኑ ያስገርማል።

ወደ ፈተናው ስንመለስ፣ የብሪትሽ ካውንስልና የካምብሪጅ የፈተና ተቋም በ1980 እ.ኤ.አ. ኤልትስ የተባለውን ፈተና ጀመሩ። ዓላማውም ተፈታኙ በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በቋንቋው ሊሠራበት መቻሉን መመዘን ነበር። በ1989 አውስትራሊያውያን የተጨመሩበት አይኤልትስ ተተካ፤ በ1995 ደግሞ በትምህርት መስክ ተለያይተው ይሰጡ የነበሩት የንባብና የጽሕፈት ፈተናዎች ወደ አንድ ተጠቃለሉ። ከዚያ ወዲህ የግብርናውም የሕጉም ተማሪ ስለ አንድ ዐይነት ግራፍ ይጽፋል። በጉዳዩ ላይ ዕውቀት ያለው ከሌለው እንዳይበልጥ ከተፈለገ፣ የራስን ዕውቀት አትጨምር የሚለው ሕግ በእኛ አስተያየት ተገቢ ነው። ችግሩ ሕጉ ከፈተናው አዳራሽ ወጥቶ የማንበብ ልማድ ሲሆን ነው።

ለዚህ የፎገራን ሜዳ ያህል ግልጽ ምሳሌ አይገኝም። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው ሜዳዋ ክረምት በመጣ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት፣ የፎገራ ከብት በሚል ስም የታወቀው ዝርያ የሚሰማራበት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሞያዎች በዚህ ውሃ በሚቋጥር መሬት ላይ ሩዝ አስሞከሩ፤ ጅግና የተባለችው ቀበሌ ስሟን ለአንድ የሩዝ ዝርያ አውሳለች። ዛሬ ሩዝ የአካባቢው ዋና ሰብል ሲሆን፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም በዚያው በወረታ ይገኛል።

እንግዲህ በሩዝ የተሸፈነውን መሬት የሚያሳይ ግራፍ ለወረታ ተማሪ ይቅረብለት። «ከዓመት ወደ ዓመት አሻቀበ» ብሎ ቢጽፍ ትክክል ነው፤ ማርኩንም ያገኛል። ነገር ግን መስመሩ በወጣ ቁጥር የግጦሹ መሬት መጥበቡን ግራፉ አይናገርም። ምርቱ በኩንታል የቀረበ እንደ ሆነም፣ ከነቅርፊቱ ነው ወይስ ተፈልፍሎ? ቅርፊቱና ብራኑ ሲነሣለት ሩዝ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። መፈልፈያ ወፍጮ ሲጮኽ እየሰማ ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ይሁንና በሠንጠረዡ ራስ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መለኪያ እንዲያነብ ያስተማረው የለም።

ነገሩ በሩዝ ብቻ አይቀርም። የሀገራችን የሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዥ በ1976 ዓ.ም. 42 ሚሊዮን ከ600 ሺህ፣ በ1987 ዓ.ም. 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ይላል። ተፈታኝ «ሳያቋርጥ ጨመረ» ይላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል፤ ሁለተኛው አይጨምርም። ኤርትራ ስትቀነስ የ1976ቱ ቁጥር ወደ 40 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ከዚያም ውስጥ ቆጣሪ ባልደረሰባቸው አካባቢዎች በግምት የተሞላ አለ። የዘመኑ አቆጣጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቆጠራ በእኛ አቆጣጠር 11 ዓመት፣ በአውሮጳውያን ከ1984 እስከ 1994 ሲሆን 10 ዓመት ይመስላል። ወሩ ሲታይ ግን ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለ ሆነ 10 ዓመት ከ5 ወር ነው። ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ደግሞ 12 ዓመት ከ7 ወር አልፏል። ሦስቱን ዘንጎች በእኩል ርቀት የሚያቆም ሠዓሊ ዕድገቱን ያዛባል።

ስለዚህ ተማሪው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አርእስቱን፣ መለኪያውን፣ ዘመኑንና የቦታውን ወሰን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ቢደረግ መልካም ነው። በፈተናው ሕግ መሠረት 150 ቃላቱን ከጻፈ በኋላም፣ ሠንጠረዡ ያልቆጠረውን በሌላ አንቀጽ ይጻፍ። የወረታው ልጅ አባቱ ስንት ጥማድ ሩዝ እንደ ዘራ ጠይቆ ወደ ሄክታር ይለውጠው። አራቱን ጥማድ አንድ ሄክታር አድርጎ የሚያሰላ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለ ሆነ፣ እንደ አፈሩና እንደ በሬው ጉልበት ይሰፋል፣ ይጠባል። ልጁ ስሌቱን ከነምክንያቱ በዚያው ደብተር ላይ ያስፍር፤ መምህሩም ይህኛውን አንቀጽ ያለ ማርክ ያንብበው።