ኢታሎ ካልቪኖ (እ.ኤ.አ. 1923–1985)

ጣሊያናዊ ልብ ወለድ ደራሲ፤ ከድኅረ ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ ቀዳሚ ስሞች አንዱ። ኩባ ውስጥ ከዕፅዋት ተመራማሪ ወላጆች ተወልዶ በጣሊያኗ ሳን ሬሞ አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአርበኞች ጋር ተሰልፎ ፋሺስቶችንና ናዚዎችን ተዋጋ፤ በ1947 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱም መነሻው ይኸው ትግል ነው። ቱሪን በሚገኘው የኤይናውዲ አሳታሚ ድርጅት ለብዙ ዓመታት በአርታኢነት ሠርቷል።

«የማይታዩ ከተሞች» (1972) ውስጥ ማርኮ ፖሎ ለኩብላይ ካን 55 ምናባዊ ከተሞችን ይተርክለታል። «በክረምት ሌሊት አንድ መንገደኛ ቢሆን» (1979) ደግሞ አንባቢውን «አንተ» ብሎ እየጠራ ዋና ባለታሪክ ያደርገዋል፤ ይህ አንባቢ የያዘው መጽሐፍ በተቋረጠበት ቁጥር ሌላ እየጀመረ የ10 ልብ ወለዶችን መግቢያ ያነባል። የልብ ወለድን አሠራር ራሱን የታሪኩ ጉዳይ ማድረጉ የካልቪኖ ታላቅ አስተዋጽኦ ነው። ሲየና ውስጥ አረፈ።