ሊስትሮው ባይኖር ኖሮ...

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የተዋስኳትን ዲጂታል ካሜራ ይዤ መገናኛ ወጣሁ። ትራይፖድ የለኝም፤ የድንጋይ አጥር ላይ አስቀመጥኳት፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብኩና ሹተሩን ለ30 ሰከንድ ከፈትኩት። ምስሉን ሳየው ደነገጥኩ። መኪኖቹ የሉም፤ የኋላ መብራታቸው ብቻ ቀይ ክር ሆኖ ቀርቷል። ከፊቴ ሲተራመስ የነበረው ሕዝብ ድራሹ ጠፍቷል። የታክሲው ሰልፍ ጉም መስሏል። በግልጽ የምትታየው ጥግ ላይ ተቀምጣ ቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ ናት። እናንተዬ፣ ያ ሁሉ ሰው የት ገባ?

«ቅዳሜ ማታ መገናኛ ጭር ብሎ ነበር» ብዬ ብጽፍ እኮ ማስረጃው በእጄ ነው። ጋዜጠኝነት ለተማረ ሰው ይሄ ትንሽ ያስፈራል።

ሹተርን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ማንሳት ዛሬ ለውበት ተብሎ ይደረጋል እንጂ ሲጀመር የችግር ልጅ ነበር። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ሬንጅ የተቀባ የብረት ሰሌዳ ካሜራው ውስጥ ከትቶ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ግቢ አነሳ። ለብዙ ዘመን 8 ሰዓት ፈጀበት ሲባል ኖሮ፣ በኋላ ያጠኑት ደግሞ ቀናት ሳይወስድበት አይቀርም ብለዋል። ፀሐይዋ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለዞረች የሕንፃዎቹ ሁለቱም ጎኖች በርተዋል። እንዲህ ያለ ሰዓት በዓለም ላይ የለም!

ከዚያ ሉዊ ዳጌር መጣ። በ1838 ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፎቅ መስኮት አነሳው። ጎዳናው በጋሪና በእግረኛ የሚጨናነቅ ነው፤ ሰሌዳው ግን ጥቂት ደቂቃዎች ስለሚፈልግ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ሳይመዘገብ አለፈ። አንድ ሰውዬ ብቻ ቆሞ ጫማውን ሲያስጠርግ ቀረ። ፎቶ ላይ ከታዩት ሰዎች የመጀመሪያው እሱ ነው ይባላል። ይህን ዕድል ያገኘው ደግሞ በሊስትሮ ምክንያት ነው!

በ1839 መጋቢት ወር ፎቶውን ፓሪስ ላይ ያየው የቴሌግራፉ ሳሙኤል ሞርስ ለአሜሪካ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን በትክክል ተረድቶታል። የሰውዬው ጫማና እግር በደንብ ይታያሉ፤ ምክንያቱም አንዱ እግሩ ሣጥኑ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ ተተክለው ነበር። አካሉና ጭንቅላቱ ግን ስለተንቀሳቀሱ የሉም አለ። እኔን የሚቆጨኝ ሊስትሮው ነው። ሰውዬውን ለታሪክ ያቆመለት እሱ ሆኖ ሳለ፣ እጁ ሥራ ስላልፈታ ራሱ ደብዝዞ ቀረ።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ፣ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የሚባለውን ፈለሰፉ፤ በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተካፋይ አደረጋቸው። ሴንሰሩን ዝናብ ላይ እንደተደረደሩ ባልዲዎች ቁጠሩት። ብርሃን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶችን ያስለቅቃል፣ ባልዲው ያጠራቅማል። ፊልም ደካማ ብርሃንን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ ይሰንፋል፤ ሲሲዲ ግን እስኪሞላ ድረስ ያለ መሰልቸት ይቆጥራል። ጠላቱ ሙቀት ነው። ሙቀትም ቅንጣት ያስለቅቃልና ጨለማው ውስጥ ቀይና ነጭ ነጠብጣብ ይዘራል። ብዙ ካሜራዎች ከረጅም ፎቶ በኋላ ሹተሩን ዘግተው ያንኑ ያህል ጊዜ ጨለማውን የሚያነሱት፣ ያንን ነጠብጣብ ከመጀመሪያው ላይ ለመቀነስ ነው። ካሜራዋ ሌላ 30 ሰከንድ ዝም ስትል «ተበላሸች፣ ለባለቤቷ ምን እላለሁ» ብዬ በላብ የተጠመቅኩት ይህን ሳላውቅ ነው።

የዚህ ትዕግሥት ውጤት በታኅሣሥ 1995 ታየ። የሀብል ቴሌስኮፕን ሥራ የሚመራው ተቋም ዳይሬክተር ሮበርት ዊሊያምስ በራሱ ውሳኔ የሚመድበውን ሰዓት ባዶ ለምትመስል አንዲት ቁራጭ ሰማይ ሰጠ። ጊዜ ማባከን ነው ያሉት ነበሩ። በ10 ቀናት 342 ፎቶዎች ተነስተው ሲደራረቡ 3000 ገደማ ጋላክሲዎች ወጡ። የሞላ ጎዳና ባዶ ያደረገው ዘዴ ባዶውን ሰማይ ሞላው። ጋላክሲ ለካሜራው ቆሞ ይጠብቃል፣ የፓሪስ እግረኛ ግን ጉዳይ አለበት።

ያን ማታ ፎቶውን ለቆሎ ሻጯ በካሜራዋ ስክሪን ላይ አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችና «ሰዉን ምን አደረግሽው እህቴ?» አለችኝ። በ2 ሰከንድ ደግሜ አነሳሁላት። ሰልፉ ተመለሰ፤ እሷ ግን ቆሎ እየሰፈረች ስለነበር እጇ የለም።