በጋራ የሚከፈል የቤት ወጪና የቡድን ብድር፦ አንዱ ባይከፍል ዕዳው የማን ነው?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች በአንድ ግቢ ውስጥ በርካታ ተከራዮች በአንድ የመብራት ቆጣሪ እና በአንድ የውኃ ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመሥራት የሚመጡ ወጣቶች፣ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲሁም ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ የሚመደቡ የመንግሥት ሠራተኞች ኪራዩን ለመቋቋም ለሁለትና ለሦስት ሆነው ቤት ይይዛሉ። በዙሪያው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ደግሞ ጎረቤታሞች በቡድን ተዋቅረው ይበደራሉ። በሁለቱም ሁኔታ አንድ ሰው ድርሻውን ሳይከፍል ሲቀር ጥያቄው አንድ ነው፤ ከፋዩ ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕጉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን ምላሽ ለተገልጋዮች ማስገንዘብ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ አበዳሪው ወይም አገልግሎት ሰጪው የሚያውቀው በሰነድ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ውል ያለው ቆጣሪው በስሙ የተመዘገበው ደንበኛ ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው የቤቱ ባለቤት ነው። ተከራዮቹ በመካከላቸው ያደረጉት ክፍፍል፣ ማለትም «አንተ መብራቱን፣ እኔ ውኃውን» የሚለው ስምምነት፣ ተቋሙን አያስገድደውም። ሂሳቡ በወቅቱ ካልተከፈለ አገልግሎቱ የሚቋረጠው ድርሻውን በሰዓቱ ባዋጣውም ባላዋጣውም ላይ ነው። በዚህ ረገድ ቅሬታ የሚያቀርቡ ተከራዮች አቤቱታቸውን ወደ ተቋሙ ከማምራታቸው በፊት ከማን ጋር ውል እንዳላቸው ቢመለከቱ ድካም ይቀንስላቸዋል፤ የእነርሱ ውል ከአከራያቸው ጋር ነውና።

የጋራ ቆጣሪ ሌላም መዘዝ አለው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም እንዲጨምር ሆኖ በእርከን የተዘጋጀ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ በአራት ዓመት ውስጥ ተግባራዊ የሚደረግ ጭማሪ ተደርጎበታል። በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚበልጥ የመኖሪያ ቤት ፍጆታ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይከፈልበታል። በመሆኑም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ በዝቅተኛው እርከን የሚቆዩ አራት ቤተሰቦች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ በድምሩ ወደ ከፍተኛው እርከን ይሻገራሉ። አንዱ ተከራይ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግር ሆኖ ሌላው አምፖል ብቻ የሚያበራ ከሆነ፣ እኩል መካፈሉ የጠብ ምንጭ ሆኖ ይቆያል። ዘላቂው መፍትሔ የተናጠል ቆጣሪ ማስገባት ነው። ይህ ካልተቻለ ለየክፍሉ የፍጆታ መለኪያ በግል አስገጥሞ በየወሩ ንባቡን በደብተር መመዝገብ ከክርክር ያድናል። የቅድመ ክፍያ ካርድ ቆጣሪ ያላቸው ቤቶች ውዝፍ ባይኖርባቸውም፣ ካርዱን ማን ይሙላ የሚለው ጥያቄ ግን አይቀርላቸውም።

የቤት ኪራይ ውልና የአንድነት ኃላፊነት

ሦስት ጓደኛሞች በአንድ የኪራይ ውል ላይ ሁሉም ተከራይ ሆነው ከፈረሙ ሁኔታው ይለወጣል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1896 መሠረት፣ በውሉ ተቃራኒ ነገር ካልተመለከተ በስተቀር፣ ለአንድ ዕዳ በጋራ የገቡ ባለዕዳዎች በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ናቸው። የዚህ ትርጉም አከራዩ ያልተከፈለውን ኪራይ በሙሉ ከሦስቱ ከአንዳቸው ብቻ ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው። የተጠየቀው ሰው «የእኔን ሲሶ ከፍያለሁ» ብሎ መከራከር አይችልም። ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው መጥሪያ ሲደርሰው ነው። የሕጉ ግምት ተከራዮቹ እያንዳንዳቸው ለድርሻቸው ብቻ ኃላፊ ናቸው የሚል ሳይሆን የዚህ ተቃራኒ በመሆኑ፣ በድርሻው ብቻ ሊጠየቅ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ በውሉ ላይ በግልጽ ማስጻፍ ይኖርበታል።

ሙሉውን የከፈለ ተከራይ ከድርሻው በላይ የከፈለውን ከሌሎቹ ማስመለስ ይችላል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ድርሻቸው እኩል ነው ተብሎ ይገመታል። ከመካከላቸው አንዱ መክፈል የማይችል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የእርሱ ድርሻ በቀሪዎቹ ላይ ይከፋፈላል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። አዋጁ በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ሆኖም አዋጁ በማይሠራበት ከተማም ቢሆን በባንክ ወይም በቴሌብር የሚፈጸም ክፍያ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደከፈለ የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚተው፣ በእጅ ከሚሰጥ ገንዘብ እጅጉን ይመረጣል።

ባልና ሚስትን በተመለከተ የተለየ ሥርዓት አለ። ከተጋቢዎች አንዱ ለትዳሩ ጥቅም የገባው ዕዳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል። በአማራ ክልል ይህ ጉዳይ የሚመራው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

የቡድን ብድርና የዋስትና ውጤት

በገጠሩ የጋራ ዕዳ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በቡድን ብድር ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ «አብቁተ» በሚል ስም የሚያውቀውና ኋላ ወደ ፀደይ ባንክነት የተሸጋገረው፣ በ1989 ዓ.ም. የማይክሮ ፋይናንስ ፈቃድ ካገኘ ጀምሮ መያዣ የሌላቸውን አርሶ አደሮች ያገለገለው በዋነኛነት በዚህ አሠራር ነው። አባላቱ ራሳቸው ተመራርጠው ቡድን ይመሠርታሉ፤ ቤት ወይም መኪና በማስያዝ ፈንታ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። አንድ አባል በቆሎውን ወይም በርበሬውን ሸጦ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይከፍሉለታል። እስኪከፈል ድረስም ቡድኑ አዲስ ብድር የማግኘት ዕድሉ ይዘጋል። ለድሃው የብድር በር የከፈተው ይኸው አሠራር ነው፤ ነገር ግን ለይሉኝታ ሲባል የሚታቀፍ አንድ አባል የሌሎቹን የዘር ወቅት ሊያበላሽ ይችላል። ቡድን ሲመሠረት «ዘመዴ ነው፣ አላስቀይመውም» የሚለው ምክንያት ሳይሆን የአባሉ የመክፈል ልማድ ቢመዘን ይመረጣል።

ዋስትናን በሚመለከት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዋሱ የሚሰጣቸው ጥበቃዎች አሉ። በቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግምት አይመሠረትም፤ በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተመለከተ ዋስትናው ፈራሽ ነው። በመሆኑም የገንዘቡ መጠን ባዶ በሆነ ቅጽ ላይ መፈረም አይገባም፤ የቅጹን ይዘት ማንበብ የማይችል ሰውም የሚያምነው ሰው እንዲያነብለት መጠየቅ መብቱ ነው። በሌላ በኩል ተራ ዋስ አበዳሪው በመጀመሪያ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲጠይቅለት ማመልከት ሲችል፣ «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ የፈረመ ዋስ ግን ይህ መብት የለውም፤ እንደ ዋናው ተበዳሪ በቀጥታ ይከሰሳል። እነዚህ ሁለት ቃላት በውሉ ላይ መኖር አለመኖራቸው ከመፈረም በፊት መታየት ያለበት ነጥብ ነው። ዕቁብ የደረሰው አባል ቀሪውን እንደሚጥል ዋስ ሲጠራም ዋሱ የሚገባበት ግዴታ ተመሳሳይ ነው።

ስም ሲበላሽ

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የሚተዳደረው የብድር መረጃ ማዕከል ከባንኮችና ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎችን መረጃ ይሰበስባል፤ አበዳሪዎችም ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ይህን መረጃ ይመለከታሉ። ስለዚህ ያልተከፈለ የመብራት ሂሳብ በራሱ የባንክ ብድር ታሪክ አይሆንም። በስም የተወሰደና ሳይከፈል የቀረ ብድር ግን የተበዳሪውን ስም ይዞ ይቆያል። በዚህ ረገድ ጥንቃቄ የሚሻው በቴሌብርና በመሰል አገልግሎቶች የሚሰጠው ፈጣን ብድር ነው። አብሮ የሚኖር ሰው «ሲሙን ለአንድ ቀን አውሰኝ» ብሎ በሌላው ስም በተመዘገበ ቁጥር ቢበደር፣ አበዳሪው የሚያውቀው የቁጥሩን ባለቤት ነው። የምሥጢር ቁጥርን ለሌላ ሰው መስጠት ስምን ከመስጠት አይለይም።

ገንዘቡን ለማስመለስ

በጓደኞች መካከል የሚደረግ ብድር ለማስረጃ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም በመሐላ ብቻ ነው፤ ሦስት ምስክር መቁጠር ብድሩን አያስረዳም። አምስት መቶ ብር በዛሬ ገበያ የአንድ ሳምንት የቤት ወጪ እንኳ የማይሸፍን በመሆኑ፣ ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ለትልልቅ ብድሮች ያስቀመጠው ሥርዓት ዛሬ ለአብዛኛው የቤት ውስጥ ብድር ተፈጻሚ ሆኗል ማለት ነው። በመሆኑም አንዱ ለሌላው ድርሻውን ሲከፍልለት፣ ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለና መቼ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ሁለቱ ፈርመውበት ቢቀመጥ በቂ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር የተላለፈ ከሆነም በማስተላለፊያው ላይ ምክንያቱን መጻፍ ይገባል።

ክርክር ሲነሳ በመጀመሪያ በሽማግሌ መነጋገሩ በአካባቢው የኖረ ልማድ ሲሆን፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለቱ ወገኖች ቢፈርሙበት ኋላ መካካድን ያስቀራል። አነስተኛ የገንዘብ ክርክሮች በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሊታዩ ይችላሉ፤ ከዚያ ከፍ ያሉት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ። ዕዳው መጠኑ የታወቀና በጽሑፍ የተደገፈ ከሆነ ከሳሽ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይለት ሊጠይቅ ይችላል። ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው ሰዎች በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠቀም ይችላሉ።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሌላው ጥያቄ ያልከፈለው ሰው አካባቢውን ለቆ ሲሄድ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ከቡሬ ለቆ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የገባ ሰው ዕዳው አይቀርለትም፤ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ስለሚችል፣ ከሳሹ ተከሳሹን ተከትሎ ለመሄድ አይገደድም። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በሕግ የተለየ አጭር ጊዜ ካልተወሰነለት በስተቀር በይርጋ የሚታገደው በአሥር ዓመት ነው።